በሬው ከመሸጡ በፊት ሴቲንጉ ይታይ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ወሬው ስለ ኮምፒውተር ሴቲንግ ነው፤ ግን በሬም አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአባቱ ጋር ቤቴ መጣ። ልጁ የዳባት ልጅ ነው፤ ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጦ ነው የተማረው። አባቱ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ሻይ ቀረበ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ተጨዋወትን። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"መምህር፣ አንቱን ላማክር ብዬ ነው የመጣሁ። ይኸ ልጅ አውሮፕላን ማብረር እለማመድበታለሁ የሚለው ኮምፒውተር ደከመ አለኝ። ባለሱቁ አዲስ ካልተገዛ አይሆንም ብሎታል። እኔም አንዱን በሬ ልሸጠው ነው። እንዴት ነው ነገሩ?"

ልጁን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል።

ከገበሬ ቤት የወጣ ሰው ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከጥማዱ አንዱ በሬ ከተሸጠ የቀረው ብቻውን አያርስም። መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት መለመን ይመጣል። የጎረቤት መሬት እስኪታረስ ተራ መጠበቅ፣ ዝናቡ እስኪያልፍ መቆዘም ይመጣል። የአንድ ዓመት እህል በአንድ ላፕቶፕ ተለወጠ ማለት ነው።

"አባቴ፣ በሬው ይቆይ። ላፕቶፑን ለሁለት ቀን እኔ ዘንድ ይተዉት" አልኳቸው።

ይህን የምጽፈው በነዚያ ሁለት ቀናት ያየነው ነገር የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። "አዲስ ግዛ" የሚለው ቃል ድሮ ቀላል ምክር ነበር። ዛሬ የቤተሰብ ጥሪት የሚያስሸጥ ፍርድ ሆኗል። ሰውን እንዲህ ያለ ፍርድ ላይ ከመጣላችን በፊት ዕቃውን ከፍተን፣ ለክተን ማየት ግዴታችን ነው ባይ ነኝ። ሳይመረምሩ "ግዛ" ማለት ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

መጀመሪያ የልጁን ችግር ልንገራችሁ። ላፕቶፑ ላይ ፍላይትጊር የሚባል የበረራ ሲሙሌተር ጭኗል። በነጻ የሚገኝ፣ ከዓለም ዙሪያ ፈቃደኛ ሰዎች የሚሠሩት፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያለፈው ፕሮግራም ነው። በትንሿ ሴስና 172 ከአዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ይነሳል። ጣናን አቋርጦ ባሕር ዳር ያርፋል። በቀጥታ መስመር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለጀማሪ ጥሩ መንገድ ነች። ችግሩ የሚመጣው ሲያርፍ ነው። ማኮብኮቢያው ሲቀርብ ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ዘሎ ይሄዳል። ልጁ መሪውን ሲስብ ምላሹ ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለዚህ ጨምሮ ይስባል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሰቅሎ ይወድቃል።

ልጁ ያሰበው ምን መሰላችሁ? "እኔ ማሳረፍ አልችልም" ነው ያለው። አያችሁ ጉዳቱን? ብሩ ብቻ አይደለም። ዕቃው በሚያጠፋው ልጁ ራሱን ይወቅሳል።

እዚህ ላይ "ለስላሳ" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። ኮምፒውተር የሚያሳየን እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚቀያየር የምስል ድርድር ነው፤ አንዱን ምስል ፍሬም እንለዋለን። በሰከንድ 30 ፍሬም ካለ እያንዳንዱ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቆያል ማለት ነው። ብዙ ሰው አማካዩን ቁጥር ብቻ ያያል። "የኔ 45 ያወጣል" ይላል። ግን 45 እያወጣ በየመሀሉ ለግማሽ ሰከንድ ቀጥ የሚል ኮምፒውተር፣ ሳይዘል ሳይቆም 25 ከሚያወጣው ይብሳል። የደጋ ሰው ይህን በበቅሎ ያውቀዋል። ሰጋር በቅሎ ፈጣን ስለሆነች አይደለም የምትወደደው፤ እርምጃዋ እኩል ስለሆነ ነው። የሚጋልብና ድንገት የሚቆም ፈረስ ግን ቢፈጥንም ይጥላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ የምንፈልገው ትልቁን ቁጥር ሳይሆን እኩሉን እርምጃ ነው።

"ምስሉ ካላማረ ምን ሲሙሌተር ነው?" የሚለኝ አለ። ታሪኩን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ የበረራ መለማመጃ ሠራ። የአባቱ ፋብሪካ ኦርጋን ይሠራ ስለነበር የኦርጋኑን ወናፍና የአየር ፓምፕ ነው የተጠቀመው። ሠልጣኙ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ ይዘጋል። ተራራም ሰማይም አይታይም። ከፊቱ ያሉት መለኪያዎች ብቻ ናቸው። በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዝዘው በመጥፎ አየር አንዳንዶቹ ሲሞቱ፣ ጦሩ የሊንክን ሳጥን ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አብራሪ በመለኪያ ብቻ መብረርን የተማረው በዚሁ ዓይነት ሳጥን ነው። አንድም የሚያምር ምስል አልነበረውም፤ መሪው ሲነካ ግን ወዲያው ይመልስ ነበር።

ዛሬም ቢሆን አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያሠለጥንባቸው ትልልቅ ሲሙሌተሮች ሲፈተሹ፣ አብራሪው መሪውን ከነካበት እስከ ምላሹ ድረስ ያለው መዘግየት በሚሊሰከንድ ተለክቶ ገደብ ይቀመጥለታል። የባለሙያዎቹ ዓለም እንኳ መዘግየትን እንዲህ ነው የሚቆጣጠረው። እኛ ግን የጣናን ውኃ ለማስዋብ ስንል ማረፊያውን እናበላሻለን።

እሺ፣ ወደ ላፕቶፑ። ሁለት ቀን ምን አደረግን?

በቅድሚያ ምንም ሳንነካ ለካን። ፍላይትጊር ፍሬሙን በማያው ጥግ ላይ የሚያሳይበት ምርጫ አለው፤ እሱን አበራን። ከአዘዞ፣ በዚያው አውሮፕላን፣ በዚያው ሰዓትና የአየር ጠባይ፣ ያችኑ አጭር ዙር እንዲበር አደረግሁት። ደብተር ላይ ጻፈ፦ ሲነሳ 14፣ አየር ላይ 17፣ ሲያርፍ 9። ከዚያ ሕጉን ነገርኩት፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ያችኑ ዙር ብረር፣ ጻፍ። አምስት ነገር አንድ ላይ የሚቀይር ሰው የትኛው እንደረዳው፣ የትኛው እንደጎዳው በጭራሽ አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

አንደኛ፣ ቻርጀሩ። "ይህ ቻርጀር የራሱ ነው?" አልኩት። አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያው ተቃጥሎ ሌላ ገዝቷል። ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን አየን፦ 19.5 ቮልት፣ 4.62 አምፔር። ሁለቱን ስታባዙ 90 ዋት ይመጣል። የተገዛው ቻርጀር ላይ ያለው 3.34 አምፔር ነው፤ ይህ 65 ዋት ነው። መሰኪያው ገጥሟል፣ ባትሪውም ይሞላል፤ ነገር ግን ላፕቶፑ በቂ ኃይል እንደማይደርሰው ሲያውቅ ፕሮሰሰሩን ራሱ ያዘገየዋል። የኔን 90 ዋት አውጥቼ ሰካሁ፤ የዊንዶውሱንም የኃይል ምርጫ ከ"ቆጣቢ" ወደ "ከፍተኛ አቅም" ቀየርን። በረረ፤ አየር ላይ 22። ስንቱ ጎንደሬ ነው በማይመጥን ቻርጀር ላፕቶፑን ሰነፍ እያለ የሚሳደበው? ቤታችሁ ያለውን ገልብጣችሁ እዩት። ስትገዙም ስታቢላይዘር አስቡ፤ የከተማችንን መብራት ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ የግራፊክስ ምርጫው። ይህን ሳይ ነው ከልቤ የተበሳጨሁት። ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ አለው፦ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው ደካማው፣ ሌላው ለብቻው የተቀመጠው ጠንካራው። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ብዙ ጊዜ ደካማውን ይመርጣል። ሲሙሌተሩ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ሲሠራ የኖረው በደካማው ነበር። ጠንካራው ተኝቷል! ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ትገባላችሁ፤ ፕሮግራሙን ትመርጡና "ከፍተኛ አቅም" የሚለውን ትሰጡታላችሁ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አየር ላይ 38። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ግን በልቤ በሬውን ነበር የማስበው። ባለሱቁ ይህን ሳያይ ነው "አዲስ ግዛ" ያለው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። ደስታችን አልቆየም። ከሃያ ደቂቃ በረራ በኋላ ቁጥሩ ወደ 20 ወረደ። እጄን ከሥሩ ሳደርግ ይፋጃል። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን ያቀዘቅዛል፤ መንገዱም ፍጥነቱን መቀነስ ነው።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትርን አልፋ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር በአምስት አንድ ገደማ ይሳሳል። ደባርቅ ላይ ደግሞ በሩብ ያህል ይሳሳል። ደጋ ማኮብኮቢያ ላይ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንገድ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ቀጭን ነው። የላፕቶፕ ፋንም እንደዚያው ነው። በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ሙቀቱን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ብርዳችን ይክሰዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ፋኑ በአቧራ ከተደፈነ ብርዱም አያድነውም። ስለዚህ ደጋ የሚኖር ሰው ላፕቶፑን ከቆላ ሰው የበለጠ ማጽዳት ነው ያለበት። ጋቢ ላይ፣ ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መብረርማ አይታሰብም!

ከፈትነው። ፋኑ መውጫ ላይ ያለው አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆ ነበር። በብሩሽ አጸዳን፤ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርገን አዲስ ቀባን። ኋላውን በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። ከዚያ ለአንድ ሰዓት በረረ፤ ቁጥሩ ከ36 አልወረደም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሁኑ። ባትሪውን ሳትነቅሉ ዊንጥ እንዳትፈቱ።

አራተኛ፣ ራም። ያለው 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ ግማሹን በልቶታል። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወርዳል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲወዳደር ኤሊ ነው። ያ ድንገት ቀጥ ማለቱ ከዚህ ነበር የሚመጣው። ፒያሳ ወርደን ያገለገለ 4 ጊጋ ገዛንለት፤ ዋጋው አንድ በግ አይሞላም። በክፍቱ ቦታ ሰካነው፣ 8 ሆነ። ቀጥ ማለቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ለብቻው ግራፊክስ የሌለው ላፕቶፕ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ የናንተ ግራፊክስ የሚሠራው ከራሙ እየተበደረ ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ከመሰካት ሁለት ባለ 4 መሰካት ይሻላል፤ መንገዱ ሁለት ስለሚሆን መረጃው በእጥፍ ይፈሳል።

አምስተኛ፣ የሲሙሌተሩ ሴቲንግ። ሰው ሁሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ግን መጨረሻ አመጣሁት። የታመመውን ሳታድኑ ማስዋቢያውን መቀነስ ችግሩን መደበቅ ነው። እዚህ ላይ ለማወቅ የሚረዳ አንድ ሙከራ አለ። የምስሉን ስፋት በጣም ዝቅ አድርጉና ብረሩ። ፍሬሙ ከጨመረ የደከመው ግራፊክሱ ነው፤ ጥላ፣ ደመና፣ የውኃ ነጸብራቅ፣ የጠርዝ ማለስለሻ የሚባሉትን ቀንሱ። ፍሬሙ ንቅንቅ ካላለ የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የዛፍና የቤት ብዛት፣ የሌሎች አውሮፕላኖች ትራፊክ፣ የዕይታ ርቀት የሚሉትን ቀንሱ። ሰው ግራፊክሱ ደክሞበት ዛፍ ይቆርጣል፣ ፕሮሰሰሩ ደክሞበት ጥላ ያጠፋል፤ ከዚያ "አልሠራም" ይላል።

በመጨረሻ ፍሬሙን 30 ላይ ገደብነው። ልጁ ተቃወመ። "ቲቸር፣ 38 እያወጣ ለምን 30 እናደርገዋለን?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማያው በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ 30 ስታደርጉት እያንዳንዱ ፍሬም ለሁለት እድሳት እኩል ይቆያል። 38 ግን ለ60 አይካፈልም፤ አንዱ ፍሬም አጭር፣ አንዱ ረጅም ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ የተረፈው አቅም ከባድ ቦታ ሲመጣ መጠባበቂያ ይሆናል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ሰጋሯን በቅሎ አስታውሱ።

የመጨረሻው መዝገብ እነሆ፦ ሲነሳ 30፣ አየር ላይ 30፣ ሲያርፍ 28። ልጁ ባሕር ዳር ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፈ። ሦስተኛው ላይ ጎማው ሲነካ አባቱ ቢሆኑ እንኳ ሻይ አይደፉም ነበር።

አሁን ወደ ሙግቱ ልመለስ፤ ሦስት ዓይነት ሰው ይቃወመኛል።

የመጀመሪያው "ለምን ምርጡን ሲሙሌተር አይጠቀምም?" የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ድንቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። ግን 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ የምድሩን ዝርዝር ምስል ደግሞ እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው። እኛ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች ነን። ፓኬጅ ገዝቶ ከአዘዞ አክሱም የሚበር ተማሪ ሳንቃበር ሳይደርስ ብሩ ያልቃል። ፍላይትጊር ግን አንዴ ያወረደውን የምድር ክፍል ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ፋይሉን በፍላሽ ከጓደኛ መውሰድም ይቻላል። ኤክስ-ፕሌንም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ግን በሱ ለምትበሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍሬሙ በሰከንድ ከ20 ገደማ በታች ሲወርድ፣ የበረራው ስሌት እንዳይበላሽ ሲል የራሱን ሰዓት ያዘገያል። እናንተ የእጅ ሰዓታችሁን እያያችሁ "አምስት ደቂቃ በርሬ እታጠፋለሁ" ስትሉ፣ እሱ ዘንድ ገና አራት ደቂቃ ነው፤ ተራራውን የምታገኙት ሌላ ቦታ ነው። ሰሜን ተራሮች አካባቢ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣ ራስ ዳሸን ባለበት ሰማይ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። በሐሰተኛ ሰዓት የተለማመደ ሰው ሐሰተኛ ልማድ ይይዛል።

ሁለተኛው "ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው?" የሚለው ነው። ለሱ ያለኝ መልስ፦ ልጁ ከፍታ መለኪያ ማንበብ፣ አቅጣጫ ጠብቆ መብረር፣ ከመነሳቱ በፊት ዝርዝሩን በተራ መፈተሽ ተምሯል። እንግሊዝኛው ተሻሽሏል። በእርግጥ ሲሙሌተር ብቻውን አብራሪ አያደርግም፤ ቤት ውስጥ ሺህ ጊዜ ያሳረፈም ማሠልጠኛ ሲገባ ከሀ ነው የሚጀምረው። ይህን ለልጁም ለአባቱም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ የሐሰት ተስፋ አልሸጥም። ግን ዕድሉ የመጣ ቀን እጁ ባዶ አይሆንም። ባይመጣም፣ በነዚያ ሁለት ቀናት የተማረው ራሱ ሙያ ነው፦ መለካት፣ አንድ በአንድ መቀየር፣ መመዝገብ፣ ምክንያቱን መፈለግ። እንዲህ የሚሠራ ጥገና ሠራተኛ በከተማችን ስንት አለ?

ሦስተኛውና ከባዱ ሙግት የባለሱቁ ነው። "እኔ በሰዓት ስንት ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ ለአንድ ላፕቶፕ ሁለት ቀን ከየት ላምጣ?" ይላል። እውነት አለው። አከራይ ይጠብቀዋል፣ ግብር ይጠብቀዋል። ግን የሁለት ቀን ሥራ አልጠየቅሁትም። ቻርጀሩን መገልበጥ፣ የግራፊክሱን ምርጫ ማየት፣ ከሥሩ በእጅ መዳሰስ፣ የራሙን መጠን ማንበብ፤ ይህ አሥር ደቂቃ ነው። ለአሥር ደቂቃው ያስከፍል፤ ሕጋዊ መብቱ ነው። አባትየው ለምርመራ ከፍለው በሬያቸውን ይዘው ቢመለሱ ቅር አይላቸውም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ደንበኛ ባደረጋቸው!

እርግጥ "አዲስ መግዛት ነው ያለበት" የሚባልበት ጊዜ አለ። ሁሉን አስተካክላችሁ፣ ሁሉን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ምስሉን አሳንሳችሁ አሁንም ማረፊያ ላይ ከ20 በታች ከሆነ፣ ማሽኑ የቻለውን ያህል ታግሏል፤ አትግደሉት። ያኔም ቢሆን መዝገቡ እጃችሁ ላይ ስላለ ምን እንደጎደለ ታውቃላችሁ፤ የሚያብረቀርቅ ኪቦርድ ሳይሆን የጎደለውን ትገዛላችሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ለመምህራን ጓደኞቼ፦ በየትምህርት ቤቱ "አይሠሩም" ተብለው ቆልፈን ያስቀመጥናቸው ኮምፒውተሮች አሉ። ከመካከላቸው ስንቱ አቧራ ብቻ ነው ያለበት? ስንቱ የአንዱን ራም ለሌላው ቢሰጥ ይነሳል? ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንድ ቅዳሜ ክፈቷቸው። ልጆቹ በንድፈ ሐሳብ ከምናስተምራቸው ምዕራፍ በላይ ይማሩበታል።

አባትየው ሰኞ ተመለሱ። ልጁ አስቀመጣቸውና ከአዘዞ አስነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀያቸው ወሰዳቸው። ከላይ ሆነው መሬቱን አዩ። በሲሙሌተሩ ውስጥ የኛ አገር ቤት አይታይም፤ ተራራውና ሸለቆው ግን በቦታው አለ። ዝም ብለው ካዩ በኋላ በጣታቸው ማያውን እየነኩ "ይቺ የኛ ገደል ናት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "መምህር፣ ኮምፒውተሩ ኖሯል እንጂ አልሞተም ነበር?" አሉኝ።

"አልሞተም አባቴ። የሚያየው ሰው ነው ያጣው።"

በሬው ዛሬ እያረሰ ነው።

የናንተስ? ላፕቶፓችሁ ሥር ያለውን ዋት ከቻርጀሩ ጋር አስተያይታችሁ ውጤቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በየከተማው ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ አደራ፦ ሰፈራችሁ ውስጥ "አዲስ ግዛ" የተባለ ልጅ ካለ፣ አሥር ደቂቃ ስጡት። ሰላም ሁኑልኝ።